አሲድ ያልነካው የአስካለ አጥንት

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፍኩት የሰው አጥንት አሲድ ውስጥ በመዘፍዘፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ወንበሩን ትንሽ ራቅ ያደርጋል። አይዟችሁ፣ የላብራቶሪ ሰው ነኝ። ሐኪም ከበሽተኛ ገላ ላይ ወስዶ የሚልከውን ቁራጭ ከፀጉር አሳስቼ እቆርጣለሁ፣ ቀለም አጠጣለሁ፣ በማይክሮስኮፕ ለሚያየው አቀርባለሁ። አጥንት ደግሞ እንደ ድንጋይ ስለሆነ ምላጭ ይሰብራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ድንጋዩ ይሟሟለታል። ያኔ እንደ አይብ ይቆረጣል።

በወጣትነቴ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ አማን መጣሁ። አንዲት ናዲያ የምትባል የአገሩ ልጅ "ትንሽ እንቆይ" አለችኝ፤ ያ "ትንሽ" እስካሁን አላለቀም። ልጃችን ዩሱፍ ስለሚባል እንደ አገሩ ልማድ አቡ ዩሱፍ እባላለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ኡም ኡዘይና በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ተቀምጬ ናዲያን ማናደድ ነበር፤ በዚህም ሥራ ቢሆን የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ኮሮናው አንድ ዓመት ሊሞላው አካባቢ፣ አርብ አርብ ከተማው በሙሉ ተዘግቶ በሚውልበት ወቅት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት ከድሮው መሥሪያ ቤቴ ተደወለ። ሳሚር የሚባለው የአጥንት ሐኪም ነው።

«አቡ ዩሱፍ፣ አንዲት ሐበሻ ልጅ ተኝታለች። የምነግራት ነገር በእጅ ምልክት የሚነገር አይደለም። ትመጣለህ?»

ሆስፒታሉ ሊያስተረጉመኝ እንጂ ሊሾመኝ እንዳልጠራኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ክራባት አሰርኩ። ሁለት ማስክ ደረብኩ፣ በላዩ የፕላስቲክ መሸፈኛ አጠለቅሁ፣ መነጽሬም በትንፋሼ ጉም ለበሰ። እንዲያ ተሸፋፍኜ ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ ሰላም ያልኩት መጋረጃውን ነበር።

አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ሳቀች። አስካለ ትባላለች፤ የጋይንት ልጅ ናት፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ። ዳቡቅ ሰፈር ካሉት ትልልቅ ቪላዎች ባንዱ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርታለች። አሠሪዋ፣ ማዳም የምትላት፣ ጥግ ላይ ወንበር ይዛ ተቀምጣለች።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ ልጄ?» አልኳት።

«ምኔን ነው የማያመኝ በለኝ፣ ጋሼ።»

ታፋዋን፣ ጎኗን፣ ወገቧን። ደረጃ መውጣት ካቃታት ወራት ሆኗታል። ቁጭ ካለችበት ስትነሳ በገዛ ጉልበቶቿ ላይ በእጆቿ እየተደገፈች ነው። ማዳም ከጥጓ ሆና፣ «መጀመሪያ ስንፍና መስሎን ነበር» አለች በአረብኛ። አስካለ ዞራ አየቻት፤ አረብኛውን እንደኔ ባትናገረውም ከኔ እኩል ትሰማለች።

ሳሚር ራጁን መስኮቱ ላይ አነሳው። በሁለቱም የታፋ አጥንቶች አንገት ላይና በጎድኖቿ ላይ ጥቁር ሰንበሮች አሉ። ደሟ ውስጥ ከአጥንት የሚመጣው ኢንዛይም እጥፍ ድርብ ሆኗል። ከሌላ ቦታ ተነስቶ አጥንቷ ላይ የተበተነ ካንሰር ሳይሆን እንደማይቀር፣ ለማረጋገጥ ከዳሌዋ በወፍራም መርፌ ትንሽ አጥንት እንደሚወስድ በዝርዝር ነገረኝ።

እኔም አስተረጎምኩ። «አጥንትሽ ላይ የሚጣራ ነገር አለ ይላል።»

«ጋሼ፣ እሱ ይህን ሁሉ አውርቶ አንተ አንዲት መስመር? ሰረጣን ሲል እኮ ሰምቼዋለሁ። ሰረጣን ካንሰር ነው። ማዳም በቴሌቪዥን የሰረጣን ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች።»

ሽማግሌ ነኝ ብዬ ነገር ላለዝብ ስሞክር ልጅቱ ቀድማኝ ሄዳለች።

ማዳም ወዲያው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ በረራ እንዳለ፣ መክተቡ፣ ማለትም ያስመጣት የሠራተኛ ቢሮ፣ ቦታ እንደያዘላት ተናገረች። «እናቷ ጋ ብትሆን ይሻላታል፣ ምስኪን» አለችና ዓይኗን ጠረገች።

«ውጤቱስ? እስከ ቅዳሜ ካልደረሰ?» አልኳት።

«በዋትሳፕ እንልክላታለን።»

ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም ክፋት አልነበረም። እስካሁን የሚያቃጥለኝም ያ ነው። የጫማ ቁጥር እንደምትልክላት ነበር አነጋገሯ።

አስካለ እጄን ያዘች፤ ያኔ ሰው የሰው እጅ መንካት ትቶ ነበር። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ንገርልኝ። እናቴ ያላት አንዲት ቁራሽ መሬት ናት። ካንሰር ይዞኝ ከመጣሁ በሳምንቱ ሸጣ ታሳክመኛለች፤ አውቃታለሁ። ካንሰር ከሆነ ይሁን። ካልሆነ ግን እናቴ በከንቱ መሬት አልባ ሆነች ማለት ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ አውሮፕላን ላይ አታውጡኝ።»

ይህቺን አንዲት ቃል ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። ሳሚር፣ «እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ እሞክራለሁ» አለ። አስካለ ለምርመራው መፍቀዷን ፈረመች። በዚያው ከሰዓት ከዳሌዋ ሁለት ፍሬ አጥንት ተወሰደ፤ እያንዳንዳቸው ከክብሪት እንጨት ግማሽ አይረዝሙም።

ቤቴ ገብቼ የዘገየ ምሳዬን እየበላሁ ለናዲያ አወራኋት። እሷ እያዳመጠች ከብልቃጥ ክኒን አወጣችና ዋጠች። «ምንድነው የምትውጪው?» አልኳት። «ቫይታሚን ዲ ነዋ። ቤት ከተዘጋብን ወዲህ ስንት ጊዜ ልንገርህ? አንተ ስናገር ትሰማለህ?»

አልሰማም ነበር። ያን ቀን ግን ሰማሁ። ማንኪያዬን አስቀምጬ አስካለ ጋ ደወልኩ።

«አስካለ፣ ፀሐይ የሞቅሽው መቼ ነው?»

«ፀሐይ ስትል?»

«ፀሐይ ነዋ! ገላሽ ላይ ያረፈች።»

በቀስታ፣ «ድሮ ልብስ ጣሪያ ላይ አሰጣ ነበር» አለች። «ማልጄ እወጣና እያሰጣሁ ለራሴ እዘፍናለሁ። ኮሮና ሲመጣ ማዳም የልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዛች። ሥራ እንዲቀልልሽ ብዬ ነው አለችኝ። እኔም መረቅኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጣሪያው ላይ ምን ሥራ አለኝ? ተቆለፈ። ከጎረቤት ሠራተኞች ጋር እያወራሽ በሽታ ታመጪብናለሽ አለች። እሑድ መውጣትም ቀረ።»

«ክፍልሽ መስኮት የለውም?»

«አለው። ወደ መኪና ማቆሚያው።»

«ወተት፣ ዓሣስ?»

«ጋሼ፣ ግማሹን ዓመት እኮ ጾመኛ ነኝ» አለችና ሳቀች። «ወጥ ቤት ውስጥ ፀሐይ የተሳለበት ብልቃጥ አለ። ቤተሰቡ ጠዋት ጠዋት ተሰልፎ ከሱ ይውጣል። እኔ አቧራውን እወለውላለሁ።»

አንባቢዎቼ፣ እኔ ቁጡ ሰው አይደለሁም። ናዲያን ብትጠይቋት ሌላ ትላችኋለች፤ አትጠይቋት። ያን ቀን ግን ሳህኔን ገፍቼ ተነሳሁ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ፀሐይ ቢያጣ ምን እንደሚደርስበት አውቆ በክኒን ይተካል። ብልቃጡን የምትወለውለው ልጅም እንደነሱ አጥንት እንዳላት ለአንዳቸውም ትዝ አላላቸውም።

ነገሩን በጭቃ ቤት ላስረዳችሁ። አጥንት ድንጋይ አይደለም። በመጀመሪያ ግንበኞቹ ሴሎች ኮላጅን የሚባል ክር ያመነጫሉ፤ እሱ እንጨቱና ማገሩ ነው። ከዚያ ካልሲየምና ፎስፌት ከደም መጥተው ይለጠፉበታል፤ ምርጊቱ እሱ ነው። በማገሩና በምርጊቱ መሐል ደግሞ ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች ተሰግስገዋል። አንዱ የማገሩን ውፍረት ይመጥናል፤ አንዱ "ጭቃው እዚህ ይጀመር" ይላል፤ አንዱ "በቃ፣ አታብዛው" ብሎ ያስቆማል። ፀሐይ ስትጠፋ ቫይታሚን ዲ ይጠፋል፤ ያለሱ አንጀት ካልሲየሙን አያስገባም፤ ጭቃው ከነጭራሹ አይመጣም። ማገሩ ቆሞ፣ ተቆጣጣሪዎቹ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ግንበኞቹ ጭቃ ሲያጡ ያንን ኢንዛይም አብዝተው ይረጫሉ፤ ደም ውስጥ ከፍ ብሎ የታየው እሱ ሊሆን ይችላል። ያልተመረገው አጥንት ይጎብጣል፣ ሰንበር ያወጣል፣ ያማል። ሰንበሮቹም ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ ተመሳስለው ይወጣሉ፤ ካንሰር ደግሞ እንዲህ ለሰልፍ አይጨነቅም። ይህን ሁሉ ራጁ ላይ በዓይኔ አይቼ ነበር። ክራባቴን ሳስተካክል አለፈኝ።

ሳሚር ጋ ደወልኩ። ሰማኝና ተነፈሰ። «አቡ ዩሱፍ፣ አማን ውስጥ ቫይታሚን ዲ ያላነሳት ሴት አሳየኝ። ደሟን ብለካው ዝቅተኛ ይሆናል፤ ካንሰር የለም ግን አያሰኝም። አጥንቱ ላይ አሳየኝና አምንሃለሁ።»

አጥንቱ ላይ! ስልኩን ዘግቼ ካልሲዬን ማውለቅ እንደጀመርኩ ያ ቃል መታኝ። አሲድ ምርጊት ያጥባል። አሲድ ውስጥ የገባ አጥንት፣ የተመረገውም ያልተመረገውም፣ ባዶ ማገር ሆኖ ነው የሚወጣው። ካንሰር ባይታይበት እንኳ "መርፌው ቦታውን ስቶ ይሆናል" ተብሎ ትሸኛለች።

ወደ ላብራቶሪው ደወልኩ፤ ተዘግቷል። ሐሙስ ማልጄ ታክሲ ያዝኩና ሩጫ ጀመርኩ። ሩጫ ያልኩት ከታክሲው እስከ ሊፍቱ ያለውን ነው፤ ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ።

ላብራቶሪው ውስጥ ሱሐ ብቻዋን ናት፤ ጓደኞቿ ኳራንቲን ገብተዋል። ከመመረቋ በፊት ያሠለጠንኳት ልጅ ናት፤ አሞ ትለኛለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው።

«የሐበሻዋ አጥንት የት አለ?»

«አንዱ አሲድ ውስጥ ነው፣ አሞ። ብልቃጧ ስለጠበበች ሁለተኛውን ለከሰዓት አቆይቼዋለሁ።»

«አንቺ ልጅ! ማን ጠይቀሽ ነው አሲድ ውስጥ የከተትሽው? የማዕድን በሽታ ቢሆንስ? ማን ነው ይህን ጅል ልማድ ያስተማረሽ?»

ሱሐ በጓንቷ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ከማጠቢያው በላይ በፕላስቲክ የታሸገ፣ ጥጉ የተበላ ወረቀት ተለጥፏል። "ማንኛውም አጥንት፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ እንደደረሰ ወደ አሲድ ይግባ። መጠየቅ አያስፈልግም።" ያለ ምንም ልዩነት የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው። ፊርማውም የኔ ነው፤ ያኔ አለቃ ስለሆንኩ ፊርማዬን እንደ ንጉሥ ማኅተም አስፍቼዋለሁ።

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ውሃ ላምጣ?» አለች ሱሐ።

«አሲዱን አምጪልኝ፤ እሱ ይሻለኛል።»

ከዚያ የባሰ የገረመኝ ቀጣዩ ነገር ነው። የሱሐ የማስተርስ ጽሑፍ እነዚያን በማገሩና በምርጊቱ መሐል ያሉ ፕሮቲኖች በሚመለከት ነበር። ስለ ኦስቲዮፖንቲን ብጠይቃት፣ ማዕድኑ ከልክ እንዳያልፍ እንዴት እንደሚገታ ዓይኗን ጨፍና ነገረችኝ። ስለ ዴኮሪን ጠየቅኳት፤ የኮላጅኑን ክር እንዴት እንደሚመጥን ነገረችኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ?»

«አሞ፣ ያ ትምህርት ነው። ይኼ ሥራ ነው» አለችና ወረቀቱን እንደገና አሳየችኝ።

ሁለተኛው ፍሬ አሲድ ሳይነካው፣ በአልኮል አድርቆ ሰም ለሚያጠጣው ማሽን ተሰጠ። እዚያ ያለ አሲድ አጥንት የሚቆርጥ መሣሪያ የለም፤ እኔ ግን እጅግ ትንሽና ስስ ቁራጭ በአዲስ ምላጭ እንደምንም እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። ይቀደዳል እንጂ ይታያል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ የሰዓት እላፊው ሳይረን ሲጮህ አሁንም እዚያው ነበርኩ። ናዲያ ደውላ፣ «የት ነህ?» አለች። ነገርኳት። «ጡረታ የወጣኸው ከኔ ነው እንጂ ከሥራህ አይደለም» ብላ ዘጋችው።

እዚያው አድረን አርብ ረፋዱ ላይ ቆረጥን። የመጀመሪያው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ሁለተኛው ተጠቅልሎ ጠፋ። ሦስት ምላጭ አበላሸን። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሱሐ፣ «አሞ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልቁረጥ» አለችኝ። በአለቃነት ዘመኔ እንዲህ ያለኝን ሰው ከክፍሉ አስወጣው ነበር። ተነሳሁላት። ሰባተኛው ቁራጭ ዳሩ ተቀዶ መሐሉ ተረፈ።

በማይክሮስኮፕ የሚታይበት ስስ መስተዋት ላይ አሳረፍነውና ሲልቨር ናይትሬት አፈሰስንበት። የዚህ ቀለም ጠባይ ብርሃን ይፈልጋል፤ ማዕድኑ ያለበትን ብርሃን አግኝቶ ያጠቁረዋል። ሱሐ የመብራቱን ሳጥን ስትፈልግ እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ከተማው ሁሉ ተዘግቶ፣ መንገዱ ላይ አንድም መኪና ሳይኖር፣ የአማን ፀሐይ ለማንም ሳትሆን ሜዳው ላይ ፈስሳለች። መስተዋቱን ደፉ ላይ አኖርኩት። ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን። ለዚያች ቁራጭ አጥንት ያን ያህል ፀሐይ ከፈቀድንላት፣ ለባለቤቷ አንድ ሰው አንድ በር ቢከፍት ኖሮ ብዬ ሳስብ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ሰው ሠራሹ ጥርሴ ነው፤ ድምፁ ሱሐን አስደነገጣት።

ታጠበ፣ ሮዝ ቀለም ተጨመረበት። ሱሐ ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ደፍታ ቆየች።

«ጥቁሩ ምን ያህል ነው?» አልኳት።

«ትንሽ ነው። ደሴት፣ ደሴት። ዙሪያውን በሙሉ ወፍራም ሮዝ ነው።» ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር። «አሞ፣ ማገሩ ሁሉ ቆሟል። ምንም የመጣለት ነገር የለም።»

ሳሚር ተረኛ ስለነበር ወዲያው ወደ ላብራቶሪው መጣ። አየ። መቅኒውን አሰሰ፤ የካንሰር ሴል የለም። አሲድ የገባውን የመጀመሪያውን ፍሬ አሳየኝ አለ፤ ዳር እስከ ዳር ሮዝ ብቻ ነው፣ ምንም አይናገርም። ሁለቱን እያፈራረቀ ብዙ ቆየ። በመጨረሻም፣ «ኦስቲዮማላሲያ» አለ፤ የአጥንት መለስለስ ማለት ነው። «በጥቂት ወራት የሚድን በሽታ። በዋትሳፕ ልንሸኛት ነበር።»

አስካለ ክፍል ወርጄ ነገርኳት። ወዲያው ስልኳን አንስታ እናቷ ጋ ደወለች። «እማዬ፣ መሬቱን ተዪው። ምንም አትሽጪ። ኧረ ደኅና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ መሬቱን ብቻ ተዪው።» እናቷ ገና ስለ በሽታው እንኳ አልሰማችም ነበር፤ ግራ ገብቷት "የምን መሬት?" ስትል ከስልኩ ይሰማኛል።

ቅዳሜ ማዳም የአስካለን ሻንጣ ይዛ መጣች። ሳሚር አስረዳት፦ ካንሰር አይደለም፣ መድኃኒትና ፀሐይ ነው የሚያስፈልጋት። ማዳም ደነገጠች።

«ግን እኮ ማድረቂያውን ለሷ ብዬ ነው የገዛሁት» አለች።

ከወጣትነቴ ጀምሮ የተማርኩት አረብኛ አፌ ውስጥ ሞልቶ መጣ። ከመናገሬ በፊት ግን አስካለ በገዛ አረብኛዋ፣ በዚያ በተሰባበረው፣ ቀስ ብላ፣ «ማዳም፣ እመለሳለሁ። ልብስ ግን ጣሪያ ላይ ነው የማሰጣው። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል» አለቻት።

«ሐቢብቲ፣ ጎረቤት ምን ይላል? ኮሮናው...»

«እሺ፣ እንግዲያው አልመለስም።»

ስለ ቀጣዩ ወረቀት ውጣ ውረድ፣ መክተቡ፣ "ዳነች አይደል? እሑድ ሥራ ትግባ" እንዳለን፣ ናዲያም ቢሮው ድረስ ሄዳ ምን እንዳለቻቸው አልጽፍም፤ ለኅትመት አይሆንም። ባጭሩ የመኖሪያና የሥራ ወረቀቷ ከማዳም ወደ ናዲያ ስም ዞረ፤ ኡም ኡዘይና ከኛ ዘንድ ሆና ታከመች።

አሁን ለእናንተ የምለው አለኝ። በማዳም ላይ መናደድ ቀላል ነው፤ ተናድጄባታለሁ፣ አሁንም እናደዳለሁ። ግን እሷ አንዲት ልጅ ላይ ነው የቆለፈችው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ መጠየቅ አያስፈልግም ብዬ አጥቤአለሁ። በእጄ ያለፉት አጥንቶች ስንቶቹ የቤት ሠራተኛ አጥንት ነበሩ? ስንቶቹ ተቆልፎባቸው ኖረው ለመናገር ላብራቶሪ ድረስ መጥተው፣ እኔ በንጹሕ ብልቃጥ ምስክርነታቸውን አሟሟሁት? አላውቅም። ማወቂያውንም ራሴ አጥፍቼዋለሁ። ሥራዬን በሚገባ ሠርቻለሁ እያልኩ በልቼ ጠጥቼ ጡረታ ወጣሁ። ልብ በሉ፣ ማንንም ለመጉዳት አልነበረም፤ ፈጣንና ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ነው። እናንተም በየሥራችሁ ግድግዳ ላይ ምን ለጥፋችሁ እንደሆነ ሂዱና አንብቡት።

ከአራት ወር በኋላ አስካለ ለክትትል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ላብራቶሪው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱን ትታ በደረጃው ወጣች፤ እኔ ሁለተኛው ላይ ስተነፍስ ከላይ ሆና፣ «ጋሼ፣ ያንተንም አጥንት ይዩልህ» ትለኛለች። ሱሐ ወረቀቴን ቀድዳ ጥላ አዲስ እየጻፈች ደረስን። አጥንት ወደ አሲድ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ስለ በሽተኛው እንዲጠየቅ የሚያዝዝ ነው፦ ምን ይመገባል? ምን መድኃኒት ይወስዳል? ፀሐይ ያገኛል?

ለአስካለ በአማርኛ አነበብኩላት። አጎንብሳ አዳመጠችና አሰበች።

«አንድ ጎድሏል» አለች።

«ምን?»

«የቤቱ ቁልፍ ማን ጋ ነው? በሉበት።»

ለሱሐ ነገርኳት። ሱሐ እስክሪብቶዋን ይዛ አየችኝ። «አሞ፣ ይኼ የሕክምና ጥያቄ ነው እንዴ?»

«ጻፊው» አልኳት።